ማስተር ኤንድ ኮማንደር፡ ስለ ፊልሙ አቀባበል ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ራስል ክሮው ካፒቴን የሆነበትን የመርከብ ፊልም ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፣ አንዱ «ከስሯል አይደል?» ይላል፣ ሌላው «እኔን እኮ እንቅልፍ ነው የወሰደኝ» ይላል፣ ሶስተኛው ደግሞ ከ20 ዓመት በኋላም ክፍል ሁለት መቼ ነው ብሎ ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደጋግም አንዴ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ መጨረሻውን የሚያጋልጥ ነገር ስደርስ ደግሞ ቀድሜ እናገራለሁ።

ቆይ መጀመሪያ የትኛው ፊልም ነው?

በ2003 የወጣው «ማስተር ኤንድ ኮማንደር፡ ዘ ፋር ሳይድ ኦፍ ዘ ወርልድ»። ዳይሬክተሩ አውስትራሊያዊው ፒተር ዊር ነው፣ «ዘ ትሩማን ሾው»ን የሰራው ሰውዬ። ጊዜው 1805 ነው፣ ናፖሊዮን አውሮፓን ይዟል፣ 28 መድፍና 197 ሰው የጫነች «ሰርፕራይዝ» የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከሷ በጣም የምትበልጥ «አኬሮን» የምትባል የፈረንሳይ መርከብ እንድትይዝ ታዛ በደቡብ አሜሪካ ዞራ ፓስፊክ ድረስ ትሄዳለች። ካፒቴን ጃክ ኦብሪ ክሮው ነው፣ የመርከቡ ሐኪምና የካፒቴኑ ጓደኛ ስቲቨን ማቱሪን ደግሞ ፖል ቤታኒ። በቃ ታሪኩ ይሄው ነው፣ አንዷ ታሳድዳለች፣ ከዛ ይገለበጥና ራሷ ትሳደዳለች።

ሃያሲዎች ወደውታል?

አዎ፣ በደንብ። የሃያሲዎችን ግምገማ ከሚሰበስቡት ድረ ገጾች ሮተን ቶሜቶስ ላይ 85 ፐርሰንት አካባቢ ነው ያለው፣ ሜታክሪቲክ ላይ ከ80 በላይ፣ ታዋቂው አሜሪካዊ ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ደግሞ ሙሉ አራት ኮከብ ነው የሰጠው። ያወደሱበት ምክንያት ይገርመኛል፣ ብዙዎቹ ስለ ውጊያው አይደለም ያወሩት፣ ስለ ሁለቱ ሰዎች ጓደኝነትና በመርከቡ ውስጥ ስላለው ኑሮ ነው። እንጨቱ ሲንቋቋ፣ ሰው ሃሞክ (የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ) ውስጥ ተደራርቦ ሲተኛ፣ የአስራ ምናምን ዓመት ልጅ መኮንን ተብሎ አባቱ የሚሆን ሰው ሲያዝ። ልጁ ብሌክኒ በመጀመሪያው ውጊያ ክንዱ ተጎድቶ ይቆረጣል፣ ካፒቴኑ ደግሞ ስለ ኔልሰን የተጻፈ መጽሐፍ ይሰጠዋል፣ ኔልሰንም አንድ ክንዱን ያጣ አድሚራል ነው። ማንም እዛ ጋ ቆሞ ንግግር አያደርግም፣ ልጁ ስዕሉን ያያል፣ አለቀ። ሃያሲዎቹን የገዛቸው እንዲህ አይነቱ ነገር ይመስለኛል።

የነቀፉትም ነበሩ። ዋናው ወቀሳ ታሪኩ ቀጭን ነው፣ ከውጊያ ወደ ውጊያ እስኪደርስ ብዙ ይንሳፈፋል የሚል ነው። ውሸት አይደለም እኮ።

ታዲያ ለምን ከሰረ ይባላል?

ይሄ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፣ ምክንያቱም ሰው «ፍሎፕ» የሚለውን ቃል እንደፈለገ ነው የሚወረውረው። የተሰራበት ወጪ 150 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ በዓለም ዙሪያ ያስገባው 212 ሚሊዮን አካባቢ። ለጆሮ ትርፍ ይመስላል፣ ግን ሲኒማ ቤቶች ከትኬቱ ግማሽ የሚሆነውን ለራሳቸው ይወስዳሉ፣ የማስታወቂያ ወጪ ደግሞ ከ150ው ውጭ ነው፣ ስለዚህ ከሲኒማ ብቻ ሲሰላ ስቱዲዮውን የሚያስጨፍር ነገር አልነበረም። ለዛም ይመስለኛል ዋናው ስቱዲዮ ፎክስ ብቻውን ያልተሸከመው፣ ሚራማክስና ዩኒቨርሳልም ገብተውበታል።

አሜሪካ ውስጥ የተከፈተው ህዳር ላይ ነው፣ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ 25 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ አስገብቶ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ ማን ነበር ብትሉ «ኤልፍ»፣ አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ረጅም ሰውዬ የሚሮጥበት የገና ኮሜዲ፣ ያውም በሁለተኛ ሳምንቱ። የእንግሊዝ ባህር ኃይል መድፍ በገና አባት ረዳት ተሸነፈ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በጠቅላላ ወደ 94 ሚሊዮን ነው የሰበሰበው፣ ከግማሽ በላይ የሆነው ገቢ ከውጭ ነው የመጣው።

እኔ ከስሯል አልልም። የጠበቁትን አላመጣም፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ክሮው ከ«ግላዲያተር» በኋላ ስሙ ጣሪያ ላይ በነበረበት ሰዓት ስለሆነ የወጣው ሁለተኛ «ግላዲያተር» ነበር የጠበቁት።

ከፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያን ጋር ለምን ያወዳድሩታል?

የመጀመሪያው ፓይሬትስ የወጣው በዛው በ2003 በሐምሌ ነዋ፣ አራት ወር ብቻ ቀድሞ። ከዛ በፊት የመርከብ ፊልም ማለት ሆሊውድ ውስጥ ገንዘብ የሚበላ ጣጣ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፣ ፓይሬትስ ግን ከ650 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ስለዚህ ህዳር ላይ ሸራና መድፍ ያለበት ትሬይለር ያየ ሰው ጃክ ስፓሮውን የመሰለ ነገር ነው የጠበቀው፣ ሁለቱም ካፒቴኖች ስማቸው ጃክ መሆኑ ደግሞ አላገዘም። ገብቶ ያገኘው ግን ዳቦ ውስጥ ነቀዝ ያለበት፣ ሰው ጭንቅላቱ ተከፍቶ በሳንቲም የሚከደንበት፣ ሙት ከነሃሞኩ ተሰፍቶ ባህር የሚጣልበት ፊልም ነው። ሌላ ምግብ አዝዞ ሌላ የመጣለት ሰው ምግቡ ቢጣፍጥ እንኳ መጀመሪያ ፊቱን ያጠቁራል።

ኦስካር ላይ ምን ሆነ? አስር ታጭቶ ሁለት ብቻ?

እዚህ ጋ ዕድሉ ነው። አስር እጩነት አገኘ፣ ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተር ሁሉ ውስጥ ነበረበት። ግን ያ ዓመት የ«ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ» ዓመት ነው፣ የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» (የቀለበቱ ፊልም) ሶስተኛ ክፍል፣ 11 ታጭቶ 11ዱንም ጠራርጎ የሄደው። ማስተር ኤንድ ኮማንደር ያሸነፈው በሲኒማቶግራፊ፣ ማለትም በካሜራ ስራ (ራስል ቦይድ) እና በሳውንድ ኤዲቲንግ፣ ማለትም በድምፅ ቅንብር (ሪቻርድ ኪንግ) ነው። አሁን ይሄን ልብ በሉልኝ፣ በነዚህ ሁለት ዘርፎች «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ» ጭራሽ አልታጨም ነበር። በስምንቱ ፊት ለፊት ተገናኝተው በስምንቱም ተሸነፈ፣ በሌለበት ሁለቱ ደግሞ ሁለቱንም ወሰደ! እና የማስተር ኤንድ ኮማንደርን ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች የሰራው ዌታ ወርክሾፕ የቀለበቱን ፊልም የሰራው ያው የኒውዚላንድ ድርጅት ነው፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ያስቀኛል።

እንግሊዞች ግን ሌላ ሚዛን ነበራቸው። የእነሱ የፊልም ሽልማት በሆነው ባፍታ ላይ ፒተር ዊር በዳይሬክተርነት የቀለበቱን ፊልም ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰንን አሸንፏል፣ አልባሳት፣ ፕሮዳክሽን ዲዛይንና ድምፅም ተጨምሮለት አራት ሽልማት። ቤታኒም እዛ ታጭቶ ነበር፣ ኦስካር ላይ ግን አንድም ተዋናይ አልታጨም፣ ክሮውም ቢሆን የጎልደን ግሎብ እጩነት ላይ ነው የቀረው። ቤታኒን ዝም ማለታቸው እስካሁን አይዋጥልኝም።

ድምፁ ምኑ ነው እንዲህ የሚወራለት?

በላፕቶፕ ስፒከር አይታችሁት ከሆነ አትጠይቁኝ፣ አልሰማችሁትም ማለት ነው። የድምፅ ሰዎቹ እውነተኛ የድሮ ዓይነት መድፍ አስተኩሰው ነው የቀዱት፣ ጥይቱ በአየር ላይ ሲያልፍ የሚያሰማውን ፉጨት ሁሉ። ለማዕበሉ ደግሞ ሞሃቬ በረሃ ሄደው ፒክአፕ መኪና ላይ የእንጨት ፍሬም አቁመው ገመድ ወጣጥረውበት ነፋሱን እየሰነጠቁ ነድተውታል፣ ያ ገመዱ ውስጥ የሚያለቅሰው ነፋስ ከዛ የመጣ ነው። የባህር ድምፅ ፍለጋ በረሃ መሄድ!

ፊልሙ ውስጥ ጭጋግ ውስጥ ቆመው ጆሯቸውን ሲተክሉ እኛም አብረን ነው ዝም የምንለው። ከዛ ብልጭታ ይታያል፣ ድምፅ ገና አልደረሰም፣ ካፒቴኑ «ተኛ!» ይላል፣ ከዛ ነው እንጨቱ የሚፈነዳው። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው የሚገድለው የመድፉ አረር ብቻ አልነበረም፣ የተሰነጠቀው እንጨት ነው ብዙውን የሚያቆስለው፣ ፊልሙ ይሄን ሳያስረዳ ያሳያል።

መርከቡ እውነተኛ ነው ወይስ ኮምፒውተር?

ድብልቅ ነው። «ሮዝ» የምትባል የድሮ መርከብ ቅጂ የሆነች እውነተኛ መርከብ ገዝተው ቀየሯት፣ ዛሬ ሳን ዲዬጎ የባህር ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ሌላ ሙሉ መጠን ያለው መርከብ ደግሞ ሜክሲኮ ሮሳሪቶ ለ«ታይታኒክ» በተሰራው ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ አቁመዋል። ማዕበሉ ላይ የሚታየው ባህር በእውነት የደቡብ አሜሪካ ጫፍ በሆነው ኬፕ ሆርን አካባቢ የተቀረጸ ምስል ተደባልቆበታል፣ መርከቧ የምትደርስበት የጋላፓጎስ ደሴቶች ክፍልም እዛው ጋላፓጎስ ሄደው ነው የቀረጹት። ለዛ ነው ከ20 ዓመት በኋላ እንኳ ያላረጀው፣ በዛ ዘመን የወጡ ስንት ፊልሞች አሁን ስታዩዋቸው ቪዲዮ ጌም ነው የሚመስሉት።

እውነቱን ንገረን፣ ይደብራል አይደል?

እኔ ራሴ መጀመሪያ ያየሁት ማታ ከስራ መጥቼ ነው፣ ጋላፓጎስ ሲደርሱ ወንበሬ ላይ ተኝቻለሁ። ስለዚህ ማንንም አልወቅስም።

ክሮው ግን ይወቅሳል። በ2021 አንድ ሰውዬ ትዊተር ላይ እንቅልፍ እምቢ ያላችሁ ይሄን ፊልም ክፈቱ፣ አስር ደቂቃ አያቆያችሁም የሚል ነገር ጻፈ፣ ክሮው ራሱ መጥቶ የዘመኑ ልጆች ትኩረት የላችሁም፣ ፊልሙ ድንቅ ነው፣ ለአዋቂ የተሰራ ነው ብሎ መለሰለት። ከዛ ኢንተርኔቱ ለሁለት ተከፈለ።

የእኔ አቋም፣ ቀስ ይላል፣ ግን ባዶ አይደለም። ብዙ ሰው የሚደክመው ምን እየሆነ እንደሆነ ስለማይገባው ይመስለኛል፣ ፊልሙ ስለ መርከብ ስራ ምንም አያስተምርህም፣ ትዕዛዙ ይወርዳል፣ መቶ ሰው ገመድ ይስባል፣ አንተ ደግሞ የቱ ገመድ ለምን እንደተሳበ አታውቅም። ይሄ እንደኛ ባህር ለሌለው ሰው ብቻ አይደለም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪውም አይገባውም። አንዴ ለጓደኞቼ እያሳየሁ በአማርኛ ላስረዳ ሞክሬ «ይሄ ገመድ»፣ «ያኛው ገመድ»፣ «የላይኛው ሸራ» ብዬ ቋንቋ አለቀብኝ። ችግር የለውም፣ አይጠበቅባችሁም። የሰዎቹን ፊት ካያችሁ በቂ ነው።

ቀልዱንም አሳልፋችሁ ይሆናል። እራት ላይ ካፒቴኑ ሁለት ነቀዝ አሳይቶ ሐኪሙን የቱን ትመርጣለህ ይለዋል፣ ሐኪሙ ትልቁን ሲመርጥ «ተሸወድክ፣ ባህር ኃይል ውስጥ ሁሌ ትንሹ ነው የሚመረጠው» ይለዋል። በእንግሊዝኛ ነቀዝ «ዊቪል» ነው፣ ክፉ ደግሞ «ኢቪል»፣ ከሁለት ክፉ ትንሹን ምረጥ የሚለውን አባባላቸውን ነው የሚያጣምመው። ሰምና ወርቅ ለምንወድ ሰዎች በጣም ቀሽም ቅኔ ነው፣ ግን ካፒቴኑ በራሱ ቀልድ እንባው እስኪመጣ መሳቁ ነው የሚያስቀው።

መጽሐፉን ያነበቡ ሰዎችስ ምን አሉ?

ተከፋፈሉ። ፓትሪክ ኦብራያን ስለ ኦብሪና ማቱሪን 20 ልቦለድ ጨርሶ ጽፏል፣ በ2000 ነው የሞተው፣ ፊልሙን አላየውም። የፊልሙ ርዕስ የሁለት መጽሐፍ ስም የተገጣጠመ ነው፣ የመጀመሪያውና የአስረኛው። አንባቢዎቹ ኑሮውን፣ ምግቡን፣ ቫዮሊንና ቼሎውን ሲያዩ ደስ አላቸው፣ ክሮውም ለዚህ ብሎ ቫዮሊን ተምሯል።

ያልተዋጠላቸው ማቱሪን ነው። መጽሐፉ ላይ ሰውዬው ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ናፖሊዮንን የሚጠላ ሰላይ ነው፣ አደገኛ ሰው። ፊልሙ ይሄን ቆርጦ ጥንዚዛ የሚሰበስብ ደግ ዶክተር አደረገው። ጸሐፊው ክሪስቶፈር ሂችንስ «ስሌት» በሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት መጽሔት ላይ ፊልሙን በደንብ የወቀሰው በማቱሪን ጉዳይ ነው፣ እኔም እዚህ ላይ ከሱ ጋር ነኝ። ማቱሪን ጥርስ ቢኖረው ኖሮ ከካፒቴኑ ጋር ስለ ስልጣንና ስለ ጅራፍ የሚከራከሩበት ቦታ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር፣ አሁን ግን ካፒቴኑ ሁሌ የሚረታ ይመስላል።

ጠላቱን ፈረንሳይ ያደረጉት ለምንድነው?

አስረኛው መጽሐፍ ላይ ጠላቷ መርከብ የአሜሪካ ናት፣ ጊዜውም አሜሪካና እንግሊዝ የተዋጉበት የ1812ቱ ጦርነት ነው። ፊልሙ ወደ 1805 መልሶ ፈረንሳይ አደረጋት። 150 ሚሊዮን ዶላር ያወጣ የአሜሪካ ስቱዲዮ አሜሪካኖች እንግሊዝ ሲያሸንፋቸው እንዲያዩ ትኬት ግዙ ይላል ብላችሁ ነው? ይሁንና አንድ ነገር ሾልኮ ቀርቷል፣ ፊልሙ ላይ የፈረንሳይዋ መርከብ አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ የተሰራች መሆኗ ይነገራል።

ሴት የለበትም የሚባለውስ?

ብራዚል አካባቢ በጀልባ መጥታ ካፒቴኑን አየት አድርጋ የምትሄድ አንዲት ሴት አለች፣ አንድም ቃል አትናገርም። ሌላ የለም። አንዳንዱ ለቲኬቱ ማነስ ይሄንንም ምክንያት ያደርገዋል፣ ሊሆን ይችላል። የፍቅር ታሪክ በግድ ቢወትፉበት ግን የባሰ ይሆን ነበር እላለሁ።

መጨረሻው ለምን ሳያልቅ አለቀ?

(ያላየ ይሄን ይዝለል።) ውጊያው አልቆ፣ ሙታን ተቀብረው፣ አሁን ወደ ጋላፓጎስ ተመልሰው ወፍ ሊያዩ ነው ስንል የፈረንሳዩ ሐኪም ከወራት በፊት ሞቷል የሚል ወሬ ይመጣል፣ ታዲያ ያ ጎራዴውን ያስረከበው «ሐኪም» ማን ነበር? የፈረንሳዩ ካፒቴን ራሱ። መርከቧ ትዞራለች፣ ሁለቱ ቫዮሊንና ቼሎ ይዘው ቁጭ ብለው የቦኬሪኒን ሙዚቃ መጫወት ይጀምራሉ፣ ካሜራው ይርቃል። ብዙ ተመልካች «በቃ? ይሄው ነው?» ብሎ ነው የወጣው። እኔ ግን በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ስራው አያልቅም፣ ነገም ያው ነው፣ ደግሞ ቢያልቅ እነዚህ ሰዎች ምን ሊሰሩ ነው?

ክፍል ሁለት አለ?

የለም። ክሮው በ2010 አድናቂዎች ለፎክስ አለቃ ኢሜይል እንዲጽፉ ትዊተር ላይ ለምኖ ነበር። በ2021 ደግሞ የመጀመሪያውን መጽሐፍ መሰረት ያደረገ፣ ወጣት ኦብሪና ማቱሪን ያሉበት ፊልም ሊሰራ ነው፣ ጸሐፊው ፓትሪክ ነስ ነው ተብሎ ዜና ወጣ፣ እስካሁን ስክሪን ላይ ያየነው ነገር የለም። ዊር ራሱ ከ2010 በኋላ ፊልም አልሰራም፣ በ2022 የክብር ኦስካር ተሰጥቶታል።

ታዲያ አሁን ሰው ለምን እንደ አዲስ ያወራለታል?

ሲወጣ ያላዩት ሰዎች በዲቪዲና በስትሪሚንግ ቀስ እያሉ አገኙት። በተለይ ወንዶች፣ ሰላሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ጂኪው መጽሔት በ2023 ወንዶች ለምን በዚህ ፊልም እንደዚህ ያብዳሉ ብሎ ጽሑፍ እስከማውጣት ደርሷል። መልሱ ለኔ ብዙም ሚስጥር አይደለም። ሁለት የማይመሳሰሉ ወንዶች ይጣላሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ማታ ሙዚቃ አብረው ይጫወታሉ፣ አንዱ ሲቆስል ሌላው ያሳድድ የነበረውን ጠላት ትቶ ወደ መሬት ይመለሳል። እወድሃለሁ አይባባሉም። እኛ ሰፈርም ያደግንበት የጓደኝነት ቋንቋ እኮ ይሄው ነው፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም፣ ግን ስትታመም ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው።

ላየው ነው፣ ምን ላድርግ?

ኸድፎን አድርግ፣ የእንግሊዝኛ ሰብታይትሉን ክፈት (የመርከበኞቹ አክሰንት ከባድ ነው)፣ ደክሞህ አትጀምረው። መጀመሪያ ጨለማ ነው፣ ደወል፣ የሚተኙ ሰዎች፣ ከዛ ጭጋግ። አንድ ፈሪ መኮንን የሆነ ነገር ያየ ይመስለዋል፣ እርግጠኛ ግን አይደለም፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። እዛ ጋ ስልክህን ካነሳህ ተወው፣ ሌላ ቀን ሞክረው።